ፍሬሙ ውስጥ ማን የት ይቁም?

የስልካችሁን ካሜራ ስትከፍቱ ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ቀጫጭን መስመሮች ከታያችሁ፣ ፎቶግራፍ ከመፈልሰፉ በፊት የተጻፈ ምክር እያያችሁ ነው። ምክሩ ቀላል ነው፤ ምስሉን በሐሳብ ዘጠኝ ቦታ ክፈሉትና ዋናውን ነገር ከመሐል ይልቅ መስመሮቹ በሚገናኙበት አካባቢ አስቀምጡት ይላል። የሲሶ ሕግ እንበለው። ይህን የተማረ ሰው ለመኖሪያ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ ሻርጃ፣ ሮላ አካባቢ ካለ ፎቶ ቤት ሲገባ ግን ፎቶ አንሺው አገጩን ቀና፣ ትከሻውን እኩል አስደርጎ ልክ መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። ፊቱ ከፍሬሙ ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ጀርባው ነጭ ነው፣ ጥላ የለበትም፣ ጥርስም አይታይም። በሲሶ ሕግ ከተመዘነ ወዳቂ ፎቶ ነው። ለተፈለገበት ሥራ ግን ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ሕጉ ከየት እንደመጣ ሲታይ ነው። በ1797 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ባሳተመው መጽሐፍ ሰማይና ምድር ሥዕሉን እኩል ለእኩል እንዳይካፈሉት፣ አንዱ ሲሶውን ሌላው ሁለት ሲሶውን እንዲይዝ መከረ። ፎቶግራፍ ለዓለም የተዋወቀው ከዚያ 42 ዓመት ቆይቶ በ1839 ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሁሉም ፎቶ የሚታደለው ሕግ ሲጀመር ለአንድ ዘርፍ፣ ለመልክዓ ምድር ሥዕል፣ የተሰጠ ምክር ነበር።

ባለሙያዎቹ ኮምፖዚሽን የሚሉት ነገር ፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ የገባውስ የት ይቀመጥ የሚለው ውሳኔ ነው። ውሳኔው የሚመራው በአንድ ጥያቄ ይመስለኛል፦ ይህን ፎቶ ማን ያየዋል፣ ሲያየውስ ምን ማወቅ ይፈልጋል? የኢሚግሬሽን ሠራተኛ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ደሴ ያለች እናት የምትፈልገው ሌላ ነው፤ የጋዜጣ አንባቢ ደግሞ ሌላ። የፎቶ ዘርፎች የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ኮምፖዚሽኑም አብሮ ይለያያል።

ከእናት እንጀምር፤ ምክንያቱም ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ፎቶ የምናነሣው ለእሷ ነው። የተለመደውን ፎቶ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅቱ ዱባይ ሞል አጠገብ፣ ፏፏቴው ዳር ቆማለች፤ ከኋላዋ ቡርጅ ኸሊፋ አለ። 828 ሜትር የሚረዝመውን ሕንፃ ከነጫፉ ለማስገባት ፎቶ አንሺዋ ጓደኛ ስልኩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ ወደ ላይ ታቀናዋለች። ውጤቱ ግዙፍ ሕንፃና ፊቷ የማይለይ ትንሽ ሰው ነው። እናት ግን ሕንፃውን አትፈልገውም። የምትፈልገው ልጇ መክሳቷን ወይም መወፈሯን፣ ዓይኗ ደህና መሆኑን፣ እጇ ላይ ጠባሳ እንደሌለ፣ አጠገቧ ሰው እንዳላት ማወቅ ነው። ምስሉን በጣቶቿ እያሰፋች የምትፈልገው ይህንን ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ፎቶ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። መጀመሪያ ፊቱ፣ ከዚያ እጁ፣ ከዚያ ሕንፃው። ከወገብ በላይ አንሡ፤ ካሜራው በተነሺው ዓይን ከፍታ ይሁን። ስልኩን ወደ ፊት አታስጠጉት፤ ቅርበት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይወስዳል። ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ፤ ፊት መልኩን ይጠብቃል፣ ከኋላ ያለው ሕንፃም ቀረብ ብሎ ይታያል። ሕንፃው ጫፉ ቢቆረጥ ምንም አይደል፤ ዱባይ መሆኑ ይታወቃል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ወደ ሕንፃ ጥላ ገብቶ ፊትን ወደ ብርሃኑ ማዞር ይበቃል።

ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መቆምን የፎቶ አስተማሪዎች ደረቅ አቋቋም ይሉታል፤ ትከሻን ገደድ፣ ፊትን መለስ ማድረግ ይመክራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ወደ ተመልካቹ ይመለከታሉ፤ በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣሉት ሰይጣንና ክፉዎች ናቸው። በዚህ ሥዕል ሥር ላደገ ሰው ሁለት ዓይን ታማኝነት ነው። አያቶቻችን በድሮ ፎቶዎች ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ካሜራውን ቀጥ ብለው የሚያዩት ስለማያውቁ አይመስለኝም። ወደ ቤት ለሚላክ ፎቶ መሐል መቆምና ቀጥ ብሎ ማየት የራሱ ክብር ያለው ኮምፖዚሽን ነው።

ሰውን ከነሥራው የሚያሳየው ሌላው የቁም ምስል ዓይነት ጠባይ ይለውጣል። ልብስ ሰፊውን ከመኪናው ጋር፣ ምግብ አብሳዩን ከምድጃው ጋር ስታነሡ ጀርባው ጌጥ መሆኑ ይቀርና የታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ እጁና መሣሪያው በግልጽ ይታያሉ። እዚህ ላይ የሲሶው ሕግ ይሠራል። ቤት ውስጥ ለሚሠሩ እህቶቻችን ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከጀርባ የአሠሪዎች ልጆች፣ ሳሎን፣ የቤት ቁጥር ወይም የመኪና ታርጋ እንዳይገባ ፍሬሙን አጥብቡት። ነጭ ግድግዳና መስኮት ዳር የሚገባ ብርሃን በቂ ነው። ይህ ጥንቃቄ የጨዋነት ብቻ እንዳልሆነ ወደ በኋላ እናየዋለን።

አንድ ሰው ሲሆን ጥያቄው የት ይቁም ነው፤ ብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ ማን ከማን ቀጥሎ ይቁም ይሆናል። የዚህን ጥያቄ ክብደት ለማየት ኪሳችሁ ያለውን የፕላስቲክ 50 ድርሃም አውጡ። ኤምሬትስ 50ኛ ዓመቷን ስታከብር በ2021 የወጣው ይህ ብር በፊት ገጹ ላይ የአገሪቱን መሥራቾች በአንድነት ቆመው ያሳያል። አገሪቱ የተመሠረተችበትን የታኅሣሥ 2 ቀን 1971ን ዕለት ካነሡት መካከል በ1965 ከቦምቤይ ወደ ሻርጃ የመጣው ህንዳዊው ራሜሽ ሹክላ ይገኛል፤ መሪዎቹ ዱባይ፣ የኅብረት ቤት በሚባለው ስፍራ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር በአንድነት የቆሙበት ምስሉ የአገሪቱ ዓርማ እስከመሆን ደርሷል። ያን ዕለት የኅብረቱን ስምምነት የፈረሙት የስድስት ኤምሬቶች መሪዎች ናቸው፤ ራስ አል ኸይማ ኅብረቱ ውስጥ የገባችው በየካቲት 1972 ነው። ስድስት ገዢዎች፣ እያንዳንዱ በአገሩ ጌታ። አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሌላውን ከኋላ ማቆም፣ አንዱን አጉልቶ ሌላውን ማደብዘዝ ፖለቲካ ይሆን ነበር። አንድ ረድፍ፣ አንድ ሰንደቅ ከላይ፦ ኮምፖዚሽኑ ራሱ ስለ እኩልነትና ስለ ኅብረት ይናገራል።

የእኛም ሰርግ እንዲሁ ነው። አጅማን ባለ አዳራሽ ሙሽሮቹ መሐል ሲቆሙ ሚዜዎቹ በሁለት ወገን እኩል ይከፈላሉ፤ ሽማግሌዎቹና ወላጆቹ ከሙሽሮቹ አጠገብ እንጂ ዳር ላይ አይቆሙም። ይህን የማያውቅ ካሜራማን በቁመት ይደረድራል፤ ፎቶው ያምራል፤ ቤተሰቡ ግን ይቀየማል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ካሜራማን የቀጠረ ሰው የቤተሰቡን ቅደም ተከተል የሚያውቅ አንድ ዘመድ አጠገቡ ያቁም። ሌላው ልብስ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ውበቱ ብዙ ጊዜ ከታች፣ ከጥለቱ ላይ ነው፤ ፎቶው ከጉልበት ላይ ከተቆረጠ ወራት የፈጀው የሽመናና የጥልፍ ሥራ አብሮ ይቆረጣል። ለሰርግ ቢያንስ አንድ ሙሉ ፎቶ፣ እስከ እግር ጥፍር ድረስ፣ ከሥሩም ትንሽ ወለል አስገብቶ መነሣት አለበት። መቁረጥ ግድ ሲሆን ደግሞ ጉልበት፣ አንጓና አንገት ላይ አይቆረጥም፤ ከመገጣጠሚያው ከፍ ወይም ዝቅ ይባላል።

ሕንፃ ሲነሣ ተመልካቹ የሚፈልገው ቅርጹንና ልኩን ነው፤ ስለዚህ መስመሮች ሁሉ ቀጥ ማለት አለባቸው። ካሜራውን ወደ ላይ ባቀናችሁ ቁጥር ግድግዳዎቹ ወደ መሐል ያዘነብላሉ። ከቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ርቃችሁ ብትቆሙ እንኳ ጫፉን ለማየት ዓይናችሁ 45 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። መፍትሔው መራቅ ነው፤ ወይም ከሌላ ፎቅ ላይ በመካከለኛ ከፍታ ማንሣት። ሻርጃ ኻሊድ ሐይቅ ዳር ያለው የአል ኑር መስጊድ ደግሞ የሲሶውን ሕግ በግልጽ የሚያፈርስ ሕንፃ ነው። ጉልላቶቹና ሚናራዎቹ ግራና ቀኝ ሚዛናቸውን የጠበቁ ናቸው፤ ማታ መብራቱ ውኃው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ላይና ታችም ይመጣጠናል። እዚያ መሐል ላይ መቆም፣ የውኃውን ዳር ፍሬሙ መካከል ላይ ማድረግ ትክክል ነው። ሚዛኑን የጠበቀን ነገር ወደ ዳር መግፋት ሚዛኑን መካድ ነው።

ዱባይ የኮምፖዚሽንን አንድ ዘዴ በሲሚንቶና በመስታወት ሠርታ አቁማለች። በ2018 መጀመሪያ የተከፈተው የዱባይ ፍሬም 150 ሜትር ቁመት ያለው ባዶ የፎቶ ክፈፍ ነው። በአንድ ወገን አሮጌው ዴይራና ካራማ፣ በሌላው የሼኽ ዛይድ መንገድ ማማዎች ይታያሉ። በፍሬም ውስጥ ሌላ ፍሬም ማስገባት ይባላል ዘዴው፤ በር፣ መስኮት፣ ቅስት ተጠቅሞ ዓይንን ወደሚፈለገው ነገር መምራት። ለልምምድ ግን እዚያ መሄድ አያስፈልግም፤ የአል ፋሂዲ ሠፈር ጠባብ መተላለፊያዎችና የንፋስ ማማዎቹ በነፃ ያስተምራሉ።

የመንገድ ፎቶ ላይ ስንደርስ ኮምፖዚሽኑን የሚወስነው ሕግ ሌላ ይሆናል፤ የመንግሥት ሕግ። የዘርፉ መሠረት የማያውቁትን ሰው ሳይዘጋጅ ማንሣት ነው። በኤምሬትስ ግን ስለ ሐሰተኛ ወሬና ስለ ሳይበር ወንጀል የወጣው የ2021 አዋጅ ቁጥር 34 በአንቀጽ 44 የሰውን ግላዊነት ለመድፈር ያለፈቃድ ፎቶ ማንሣትንና ማሠራጨትን ይቀጣል። ቅጣቱ ከስድስት ወር የማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ነው። የቆሰሉና የሞቱ ሰዎችን፣ የአደጋ ተጎጂዎችን አንሥቶ ማስተላለፍም እዚያው ውስጥ ተጠቅሷል። ወታደራዊ ቦታና የተከለከሉ የመንግሥት ሕንፃዎችም አይነሡም፤ ድሮን ያለፈቃድ አይነሣም።

ይህ ገደብ እዚህ ባለው የመንገድ ፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሰው አለ፣ ፊት ግን የለም። በዱባይ ክሪክ ላይ በአንድ ድርሃም የሚያሻግረው፣ አብራ የሚባለው ጀልባ ጀንበር ስትጠልቅ ይነሣል፤ ተሳፋሪዎቹ ከብርሃኑ ፊት ጥቁር ጥላ ሆነው ይታያሉ። የቅመም ገበያው ውስጥ እጅና ሚዛን ይነሣሉ። ከጀርባ፣ ከሩቅ፣ ከላይ። ሰው የመጠን መለኪያ ይሆናል፤ ትልቅ ግድግዳ፣ ሥሩ አንድ ትንሽ አላፊ። ገደቡ ፎቶውን ያደኸየዋል የሚሉ አሉ። እኔ እንደማየው ከሆነ አንዳንዱን አጥርቶታል፤ በቅርጽና በብርሃን ማሰብን ያስገድዳል። ፊት ከፈለጋችሁ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነው፤ ሰላም ብሎ ማስፈቀድ። ያን ጊዜ ግን ፎቶው የመንገድ ፎቶ መሆኑ ቀርቶ የቁም ምስል ስለሚሆን ኮምፖዚሽኑም ወደ ዓይንና ወደ ፊት ይመለሳል።

ወደ ስፖርት ስንሻገር ለእኛ ከዱባይ ማራቶን የሚቀርብ ምሳሌ የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008፣ በ2009 እና በ2010 ተከታትሎ አሸንፎበታል፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የኢትዮጵያውያን ሩጫ ሆኖ ኖሯል። በተለይ የ2018ቱን አስታውሱ። ሞስነት ገረመው በ2:04:00 ሲገባ ልዑል ገብረሥላሴ በ2:04:02 ተከተለው። በዚያ ፍጥነት ሯጭ በሰከንድ ወደ 5.7 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሁለት ሰከንድ እንግዲህ 11 ሜትር ያህል ነው።

ይህ 11 ሜትር በፎቶ ላይ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ከመግቢያው መስመር ማዶ ሩቅ ቆሞ በረጅም ሌንስ ፊት ለፊት ያነሣ ሰው ሁለቱን ሯጮች ትከሻ ለትከሻ አድርጎ ያሳያል፤ ርቀት የፊትና የኋላውን ክፍተት ያጨፈልቀዋልና። ከጎን ያነሣ ሰው ደግሞ 11 ሜትሩን እንዳለ ያሳያል፤ አሸናፊው ብቻውን፣ ከኋላው ባዶ አስፋልት። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ፉክክሩ፣ ሁለተኛው ስለ ድሉ ይናገራል። ከጎን ስታነሡ ከሯጩ ፊት ባዶ ቦታ መተው አለበት፤ ፊቱ የፍሬሙን ጠርዝ ከነካ ሩጫው ያለቀ ይመስላል። መስመሩን ከተሻገረ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ሯጩ መሐል ላይ ይሁን፣ እጁ ይዘርጋ፣ ባንዲራው ሳይቆረጥ ሙሉ በሙሉ ይግባ። መንገዱ ዳር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው የሚጮኹት ሰዎቻችንም ከጀርባው ቢደበዝዙም ይግቡ፤ ያለ እነሱ የዱባይ ማራቶን የየትም ከተማ ሩጫ ነው።

በዜና ፎቶ ሰው ወይም ዕቃ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው። ፎቶ አንሺው ማንቀሳቀስ የሚችለው እግሩን ብቻ ነው፤ ኮምፖዚሽኑን የሚሠራው የት እንደሚቆምና መቼ እንደሚጫን በመምረጥ ነው። የአሶሼትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ መጋቢት 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ ያነሣቸው ምስሎች በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በድንገተኛ ዜና ተከታታይ ምስሎች ዘርፍ አንደኛ ወጥተዋል። ከመካከላቸው አንዲት ሐዘንተኛ በአደጋው ስፍራ አፈር ወደ ገዛ ፊቷ ስትበትን የተነሣችበት ለዓመቱ ፎቶ ከታጩት አንዱ ነበር። የአውሮፕላኑን ስብርባሪ ያሳዩ ብዙ ፎቶዎች ነበሩ። ይህኛው ስለ ብረት ምንም አይነግረንም፤ ሐዘኑ በአገራችን ወግ ከአፈር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በአንዲት ሴት እጅና ፊት ያሳያል። ሰፊውን ሜዳ ትቶ ወደ አንድ ሰው መቅረብ፣ ያን ቅጽበት መምረጥ፦ በዜና ኮምፖዚሽን ይህ ነው። ቅርበቱ የሚመዘነው ግን በተነሺዋ ክብር ነው። በስልካችን የአደጋ ተጎጂ አንሥተን ለጓደኛ የምንልከው ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እዚህ አገር ደግሞ ከላይ እንዳየነው ወንጀል ነው።

ከዜናው ተቃራኒ ጫፍ ላይ አይዳ ሙሉነህ አለች። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ለዋሽንግተን ፖስት በዜና ፎቶ ሠርታ፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ባለሙያ ናት፤ ዱባይ ያለው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ አቅራቢ ኤፊ ጋለሪም ሥራዎቿን ያቀርባል። በ2018 ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ ወተርኤድ ጋር በዳሎል ያነሣቻቸው ስለ ውኃና ስለ ሴቶች የሚናገሩ ምስሎች ላይ አንዳች ነገር በአጋጣሚ አልገባም። ልብሱ ተሰፍቶ፣ ፊቱ ተቀብቶ፣ ቀዩና ሰማያዊው ተመርጦ፣ ሰውነቱ በተጠና ቦታ ቆሞ ነው። በዜና ቢሆን ማጭበርበር የሚባለው እዚህ ሙያው ነው፤ ተመልካቹ የሚጠይቀው ምን ተፈጠረ ብሎ ሳይሆን ምን ማለቷ ነው ብሎ ነውና። ቀጥ ብለው የሚያዩትን ዓይኖች፣ ያልተቀላቀሉትን ደማቅ ቀለሞች ስመለከት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትዝ ይለኛል።

እነዚህን ዘርፎች ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሰው ሻርጃ ከ2016 ጀምሮ የምታዘጋጀውን የኤክስፖዠር ፎቶ ፌስቲቫል ይጠብቅ። ከዱር አራዊት አዳራሽ ወጥቶ የጦርነት ፎቶዎች ወዳሉበት ሲገባ ዓይኑ ራሱ መርማሪ ይሆናል።

አራዊትን በተግባር መለማመድ ለሚሻ አጅማን ውስጥ የአል ዞራ ማንግሮቭ አለ። በአብያታ ሐይቅ የምናውቃቸው ፍላሚንጎዎች እዚያም ይታያሉ፤ የብርዱ ወራት ሲገባ ይበዛሉ። ከቆማችሁበት ወደ ታች አታንሡ፤ ተንበርክካችሁ ሌንሱን ወደ ውኃው ከፍታ አውርዱት። ወፏ በምታይበት አቅጣጫ ባዶ ቦታ ተዉላት፤ የምታተኩሩት ዓይኗ ላይ ይሁን፤ ውኃው ላይ የሚታየውን መልኳን ከእግሯ ጋር አትቁረጡት።

ምግብስ? ለዴሊቨሪ መተግበሪያ የሚነሣ ምግብ ጥያቄው አጭር ነው፦ ምን አለበት፣ ስንት ሰው ይበቃዋል? የእኛ ማዕድ ክብ ስለሆነ መልሱ ከላይ ነው። በያይነቱን ልክ ከአናቱ በላይ ሆናችሁ፣ ትሪውን መሐል አድርጋችሁ አንሡ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ቀለም በቀለም ይለያሉ። ዶሮ ወጥ ግን ከላይ ሲነሣ ቀይ ክብ ብቻ ይሆናል። ካሜራውን ወደ ጎን አውርዱት፤ እንቁላሉ ከወጡ በላይ ብቅ ይበል፤ መስኮቱ ከኋላ ወይም ከጎን ይሁንና ቅቤው ያብለጭልጭ። ቡና ሲሆን ደግሞ በረከቦቱ ከፍታ ዝቅ በሉ፤ ጀበናው ወደ አንድ ጎን ይሁን፤ ሲቀዳ የሚወርደው ቀጭን ቡና እስከ ሲኒው ድረስ ሳይቆረጥ ይግባ፤ ከሲኒዎቹ በላይም ለእንፋሎቱ ቦታ ይቅርለት።